ብቻ መጥለቅ፦ ስኑፒ ደሴት ላይ ብቻዬን ብወርድስ?

ሰማያዊ_ፊን ጠየቀች፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ዱባይ ነው። አድቫንስድ ኦፕን ዋተር የሚባለው የጠላቂነት ምስክር ወረቀት አለኝ፤ ደብተሬ ላይ የተመዘገበው 46 ዳይቭ (ወርዶ መውጣት) ነው። የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ስለሆነ አብሮኝ የሚወርድ ባዲ አላገኝም፤ ሰው ሁሉ ወደ ፉጃይራ የሚወጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። ስለዚህ እዚያው ፉጃይራ አል አቃ ሄጄ፣ ከባሕር ዳርቻው በእግሬ ገብቼ ስኑፒ ደሴትን ብቻዬን ልዞረው አስቤያለሁ። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ጥልቀቱም አስር ሜትር አይሞላም።

ሬጉሌተር (አፍ ላይ ተይዞ ከታንኩ አየር የሚሰጠው)፣ ቢሲዲ (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) እና ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው ኮምፒውተር የራሴ ናቸው። ታንኩ ተራው 11.1 ሊትር አሉሚኒየም ነው። ለመጠባበቂያ ትንሿን ስፔር ኤር (በእጅ የምትያዝ የአየር ጠርሙስ) ልገዛ ነበር፤ ትበቃለች? ብቻ መውረድ ጭራሽ የማይታሰብ ነገር ነው ወይስ በደንብ ለተዘጋጀ ሰው ይቻላል? "ተይው" ብቻ ከምትሉኝ ምክንያቱን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ_ሬጉሌተር፦

እህቴ፣ መጀመሪያ "አስር ሜትር አይሞላም" ያልሽውን ላንሳ። ከውኃው ወለል ላይ ግፊቱ 1 ባር ነው፤ አስር ሜትር ላይ 2 ባር ይሆናል። ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው እዚያችው የመጀመሪያዋ አስር ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ20 ወደ 30 ስትወርጂ ግን ከ3 ወደ 4 ባር ብቻ ነው የሚሄደው። ሳንባውን በታንክ አየር ሞልቶ፣ ትንፋሹን ቆልፎ ሽቅብ የተነሣ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል እንኳ ሳንባው ሊቀደድና አየር ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል። ደንግጦ ሽቅብ መተኮስ ይበልጥ የሚያጓጓው ደግሞ ብርሃኑ ቅርብ ሲመስል ነው። ጥልቀቱ ማነሱ አየርሽን ያበረክታል፣ ከዲኮም (ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን እንዲወጣ ሲወጡ በግዴታ ከመቆም) ያርቅሻል። ከሳንባ ጉዳትና ከመስጠም ግን አያድንሽም።

አሁን ባዲ ምን እንደሚሠራ አስቢ። ሁለተኛ የአየር ምንጭሽ ነው። ከመግባትሽ በፊት ዕቃሽን የሚያይ ሌላ ዓይን ነው። ከጀርባሽ የተጠመጠመውን ክር የሚቆርጥ እጅ ነው። ራስሽን ብትስቺ ደግሞ ሬጉሌተሩን አፍሽ ላይ ይዞ የሚያወጣሽ እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በዕቃና በልምምድ መተካት ይቻላል። አራተኛውን የሚተካ ዕቃ የለም። ብቻውን የሚወርድ ሰው ይህን ለራሱ ሳይሸፍን ማወቅ አለበት። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር መውረድ፣ ውኃ ውስጥ ሳለ ሳንባ ፈሳሽ መቋጠር፣ እነዚህ ሁሉ መዘዛቸው ራስን መሳት ነው። የመጨረሻው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልጨምርበት፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ለእሱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሳይደክሙ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ አንዳንዴም ከአፍ የሚወጣ ሮዝ አረፋ ምልክቱ ነው። እንደጀመረ ዳይቩን አቋርጦ መውጣት እንጂ "ትንሽ ልረፍና ልቀጥል" ማለት አይሠራም። ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ብቻውን አይውረድ፤ እዚህ ላይ ምንም የማመቻምቸው ነገር የለም።

ለጤነኛና ለሠለጠነ ሰው ግን ይቻላል፤ ሥልጠናውም አለ። ኤስዲአይ የተባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት የብቻ ጠላቂ ኮርስ የጀመረው በ1999 ነው፤ 21 ዓመትና 100 የተመዘገበ ዳይቭ ይጠይቃል። የሌላው አሠልጣኝ ድርጅት፣ የፓዲው "ራሱን የቻለ ጠላቂ" ኮርስ 18 ዓመትና እንዲሁ 100 ዳይቭ ይላል። አንቺ 46 ላይ ነሽ። ቁጥሩ የተፈለገው ማስክሽ ሲወልቅ ወይም አየር ሲቋረጥ እጅሽ ሳታስቢው የሚሠራበት ደረጃ ላይ እንድትደርሺ ነው። ኮርሱም በአብዛኛው አየርን ማስላት፣ መጠባበቂያ ታንክ መጠቀምና በኮምፓስ መመለስ ነው።

ሁለተኛ ዓይን በሌለበት የሚያመልጡ ሁለት ነገሮችን በዝርዝር ላሳይሽ።

አንደኛው የታንክ ቫልቭ ነው። ግማሽ ዙር ብቻ የተከፈተ ቫልቭ ላይ ላይ ስትተነፍሺ ጥሩ ይሰጣል፤ የአየር መለኪያው ጌጅም 200 ባር ይላል። ስትወርጂ ግን አየሩ ስለሚወፍር መንገዱ ይጠብበታል። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ጌጁን ዓይንሽ ላይ አድርገሽ አራት ጊዜ በኃይል ተንፍሺ። መርፌው ፍንክች ካላለ ቫልቩ ክፍት ነው። ስትስቢ ወረድ፣ ስትተዪ መለስ የሚል ከሆነ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም። በየትንፋሹ እየወረደ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ተዘግቷል፤ የምትተነፍሺው ቱቦው ውስጥ የቀረውን ነው። ታንኩን ለብሰሽ እጅሽን ወደ ኋላ ሰድደሽ ቫልቩን መዝጋትና መክፈት መቻልሽንም እዚያው ሞክሪ። እጅሽ የማይደርስ ከሆነ ታንኩን በቀበቶው ውስጥ ጥቂት ከፍ አድርጊው።

ሁለተኛው የቢሲዲ መሙያ አዝራር ነው። ጨው ሲደርቅበት ተነክሶ ይቀራል፤ አንዴ ሲጫኑት ሳይመለስ አየር ይነፋል፣ አንቺም እንደ ፊኛ ሽቅብ ትሄጃለሽ። መፍትሔው በአንድ እጅ ማውጫውን ከፍቶ አየሩን እየለቀቁ፣ በሌላው የቱቦውን አንገት ቀለበት ወደ ኋላ ስቦ መንቀል ነው። ይህን በጓንትና ዓይን ጨፍነሽ መሥራት መቻል አለብሽ። ከዳይቭ በኋላ አዝራሩን በንጹሕ ውኃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል እየተጫንሽ እጠቢው፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ላዩን ብቻ አርሶ ይተወዋል።

ዲባ_ሮክ፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልከራከር። ባዲ አለ ማለት ሁልጊዜ ደኅንነት አለ ማለት አይደለም። ጀልባ ላይ ያገናኙሽ የማታውቂው ሰው ስምንት ሜትር ርቆ ካሜራው ላይ ከተደፋ፣ አየር ሲያልቅብሽ እሱ ጋር ዋኝተሽ መድረስሽ ያጠራጥራል። እንዲህ ያለው ዳይቭ በስሙ ጥንድ ይባል እንጂ ሁለት ብቸኞች ናቸው፤ ያውም መጠባበቂያ ታንክ ሳይዙ። ራሱን የቻለ ሰው ለባዲውም ይጠቅማል።

በ2008 የወጣው የዳን (የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት) ጥናት ክፍት ሰርኪት (ትንፋሹን ውኃ ውስጥ የሚለቀውን ተራውን ዕቃ) ይዘው የሞቱ 947 መዝናኛ ጠላቂዎችን አይቶ ነበር። የችግሩ መነሻ በታወቀባቸው አደጋዎች ውስጥ 41 ከመቶው የጀመረው በአየር ማነስ ነው፤ ተጠላልፎ መያዝ 20፣ የዕቃ ብልሽት 15 ከመቶ ነው። የመጀመሪያው ጌጅ በማየት ብቻ የሚከለከል ነገር መሆኑ ያሳዝናል።

የኔ ምክር፦ ብቻሽን አሁን አትውረጂ፤ ማክሰኞንም አታባክኚው። በሥራ ቀን የመጥለቂያ ማእከላቱ ጋ ሰው ስለሚቀንስ ለአንቺ ብቻ ጋይድ መቅጠር አይከብድም። ጋይዱን "አጠገቤ ሁን፣ ካልጠራሁህ አትርዳኝ" በይው። ኮምፓሱን አንቺ ያዢ፣ አየሩን አንቺ አስዪ፣ የላዩን ምልክት (በክር ታስሮ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ፊኛ) አንቺ ልቀቂ። እስከ 100 ድረስ እንዲህ ስትሄጂ የምትማሪው ብዙ ነው። ደግሞ ኢንሹራንስሽን አንብቢ፤ ያለ ባዲ ወይም ከሠለጠንሽበት ውጭ ለተደረገ ዳይቭ የማይከፍል ውል አለ። ታንክ የሚያከራዩትም ብዙዎቹ ለብቻው ለመጣ ሰው የብቻ ጠላቂ ካርድ ሳያዩ አይሰጡም።

ኒትሮክስ32፦

ስፔር ኤርን ለጠየቅሽው በቁጥር ልመልስ።

በመጀመሪያ ፍጆታሽን ለኪ። አስር ሜትር ላይ አስር ደቂቃ በተለመደው ፍጥነትሽ ዋኚ። ከ11.1 ሊትሩ ታንክ 30 ባር ከወረደ 30 በ11.1 ሲባዛ 333 ሊትር ነው። ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያም ለ2 ባር ስታካፍይው በደቂቃ 16.7 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ የሰላሙ ጊዜ ነው። የደነገጠ ሰው እጥፉን ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ለመጠባበቂያ ስታሰይ 30 ያዢ።

ትልቋ ስፔር ኤር 85 ሊትር ገደማ ትይዛለች። አስር ሜትር ላይ አየር ተቋረጠ እንበል። ችግሩን ለመረዳትና ለመቀየር አንድ ደቂቃ፦ 30 በ2 ባር፣ 60 ሊትር። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣሽ ላይ ለመድረስ 1.1 ደቂቃ በአማካይ 1.5 ባር፦ 50 ሊትር። ድምሩ 110 ነው። ስኑፒ ላይ እንኳ፣ ስትወጪ 5 ሜትር ላይ የሚደረገውን የሦስት ደቂቃ ማረፊያ ትተሽው እንኳ፣ አልበቃችም። ትንሿ ደግሞ ከዚያም ያንሳታል።

አሁን ከ18 ሜትር እንይ። አንድ ደቂቃ ታች 84 ሊትር፣ እስከ 5 ሜትር መውጫ 97፣ እዚያ ሦስት ደቂቃ 135፣ የመጨረሻዋ አንድ ደቂቃ 38። ድምሩ 354 ሊትር። ባለ 2 ሊትር ፖኒ (ከዋናው ጎን የሚታሰር ትንሽ መጠባበቂያ ታንክ) በ200 ባር 400 ሊትር ይይዛል፤ በጠባቡ ይበቃል። ከ30 ሜትር ከሆነ ስሌቱ 540 አካባቢ ይመጣል፤ ባለ 3 ሊትሩ 600 ስለሚይዝ እሱም በጠባቡ ነው። ስለዚህ አንዴ የምትገዢ ከሆነ 3 ሊትሩን ግዢ። ክብደቱም ቢሆን ከዋናው ታንክ ጎን ታስሮ ያን ያህል አይሰማም፤ ግን ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ከወገብሽ የክብደት እርሳስ አንዱን ወደ ሌላው ጎን አዛውሪ።

ፖኒ ይዘው የሚሳሳቱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የፖኒውን ሬጉሌተር ከዋናው ጋር አምታተው ከመጀመሪያው ከእሱ ይተነፍሳሉ፤ 20ኛው ደቂቃ ላይ ያልቅና "ዋናው አለቀ" ብለው ይደነግጣሉ። ቱቦውን በሌላ ቀለም አድርጊው፤ አፍ መያዣውንም በላስቲክ ገመድ አንገትሽ ሥር አንጠልጥዪው። የራሱ ጌጅ ይኑረው። ቫልቩን ክፈቺና ስትወርጂ 5 ሜትር ላይ ቆመሽ ሁለት ትንፋሽ ከእሱ ውሰጂ። ሬጉሌተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ አፍ መያዣው ቁልቁል ካልዞረ ራሱን በራሱ እየነፋ ታንኩን ባዶ ያደርገዋል፤ አረፋ ከደረትሽ ሥር ሲወጣ ካየሽ ወዲያው ገልብጪው።

ዋናውን ታንክ በሦስት ከፍዪው፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ። 200 ይዘሽ ከገባሽ 135 ላይ ተመለሺ። ፖኒው ለብልሽት ነው፤ ዳይቭ ለማራዘም ከነካሽው መጠባበቂያ የለሽም።

ሰማያዊ_ፊን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፔር ኤሩን ትቻለሁ። እስከ 100 በጋይድ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ኮርሱን እወስዳለሁ። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። ጋሼ "እጅ" ያሉት፣ ክር ከጀርባዬ ቢይዘኝ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? ሌላው፣ በመጪው ማክሰኞ ሁለት ዳይቭ አድርጌ ረቡዕ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ፤ ችግር አለው?

የአሰብ_ንፋስ፦

በረራውን እኔ ልመልስ፤ ለሐበሻ ጠላቂ ከሌላው ይልቅ የሚያሰጋ ነገር ስለሆነ።

የዳን መመሪያ ዲኮ ለሌለው አንድ ዳይቭ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ከአንድ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። ዲኮ የገባ ሰው ከ18 ሰዓት በጣም የበለጠ ይጠብቅ። ሁለት ዳይቭ አድርገሽ ማክሰኞ ከሰዓት ብትወጪ ረቡዕ ጠዋት 18 አይሞላም። በረራውን ወደ ማታ አዛውሪ፤ ወይም ዳይቩን ሰኞ አድርጊው።

የአዲስ አበባ ልዩነት ይህ ነው፦ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው የሚሆነው። ባሕር ዳር ያለ ከተማ ስታርፊ ግፊቱ ይመለስልሻል። ቦሌ ግን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ስትወርጂም ሰውነትሽ ያለው እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ ቤት ገብተሽ ተኝተሽም እዚያው ነሽ። ለዚህ ነው 24 ሰዓት ሙሉ ጠብቂ የምልሽ።

በመሬትም ያው ነው። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ጠልቀው በዚያው ቀን ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና ወደ ድሬዳዋ የሚወጡ ሰዎች "አልበረርንም" ይላሉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ደግሞ የባሰ ነው። ኢምሬትስ ውስጥም ከፉጃይራ ዳይቭ በኋላ በዚያው ምሽት ጀበል ጃይስ መውጣት አይገባም፤ መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ ያለ ምክንያት የከበደ ድካም፣ ቆዳ ላይ እብነ በረድ የመሰለ ዥንጉርጉር ካየሽ የዲኮምፕሬሽን ሕመም ነው ብለሽ ተነሺ። ንጹሕ ኦክስጅን መውሰድ፣ ሐኪም ዘንድ መድረስ፣ መብረሩን መተው። ብቻውን የጠለቀ ሰው "ጡንቻዬ ነው" ብሎ ራሱን ያታልላል፤ ፊቱን አይቶ "ደህና አይደለህም" የሚለው ሰው አጠገቡ የለምና።

ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ስለ መጥለቅ የሚጠይቅ ካለ፦ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። 18 ሜትር ሲወርዱ ለዲኮ ስሌት ከ22 ሜትር አካባቢ ጋር ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ ከፍታውን ራሱ የሚያውቅ መሆኑን ወይም በእጅ የሚስተካከል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግቡ።

ጋሼ_ሬጉሌተር፦

ክሩን ልመልስልሽ። በፉጃይራ ባሕር የሚይዝሽ ሁለት ነገር ነው፦ ዓይን የማያየው የዓሣ ማጥመጃ ናይለንና "ጋርጉር" የሚሉት የሽቦ ወጥመድ፣ ከነገመዱ። እንደተያዝሽ ሲሰማሽ መዞር ክልክል ነው። መዞር ክሩን ቫልቩና ፊኑ (የእግር መቅዘፊያው) ላይ ያጠመጥመዋል። ቁሚ፣ ሁለት ሙሉ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ጌጁን እዪ። ከዚያ በመጣሽበት ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመለሺ፤ ብዙ ጊዜ ክሩ በዚያው ይላላል። ካልላላ በእጅሽ ከትከሻ ወደ ቫልቩ እየዳበስሽ የተወጠረውን ፈልጊና ቁረጪ። አንዱን ጫፍ ሳትለቂ ነው የምትቆርጪው፤ አለዚያ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይይዝሻል።

መቁረጫ ሁለት ያዢ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እጅ የሚደረስ። አንዱ ጥርስ ያለው አጭር ቢላ፣ ሌላው የነርሶች መቀስ ይሁን። ናይለን ላይ መቀሱ ከቢላው ይሻላል፤ ክሩን መወጠር ሳያስፈልግ ይቆርጣልና። እግር ላይ የሚታሰረውን ትልቅ ቢላ ተዪው፤ ራሱ ክር ይይዛል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ሬጉሌተሩን በጥርስሽ ይዘሽ ቢሲዲውን ከነታንኩ አውልቀሽ ፊትሽ ላይ አምጥተሽ ትፈቺዋለሽ። ወገብሽ ላይ እርሳስ ካለ አንቺ ታች ትቀሪያለሽ፣ ቢሲዲው ሽቅብ ይስብሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አየሩን አራግፊ፣ ዕቃውንም አትልቀቂ። ይህን በዋና ገንዳ ከአሠልጣኝ ጋር አሥር ጊዜ ሳትሠሪ ባሕር ውስጥ አትሞክሪው።

የላዩን ምልክት ስትለቂም ሪሉን (የክሩን መጠቅለያ) ቢሲዲሽ ላይ አትሰኪው፤ ክሩ ከተያዘ ምልክቱ አንቺን ይዞ ይወጣል። በእጅሽ ያዢው፣ አልታዘዝ ካለ ልቀቂው። ምልክት የግድ ነው፤ ደሴቲቱ አካባቢ ጀልባና ጄት ስኪ ይመላለሳል። የአል አቃ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ በ90 ዲግሪ ከወጣሽ በ270 ትመለሻለሽ። መግቢያው ላይ የባሕር ጃርት ስላለ ወለሉ ጠንካራ የሆነ ቦት አድርጊ፣ እጅሽንም ድንጋይ ላይ አታሳርፊ።

መጨረሻ ላይ ኮርሱን ጨርሰሽ ብቻሽን ስትወርጂ፣ ዳርቻው ላይ የሚጠብቅሽ ሰው ይኑር። መጥለቅ ባይችልም ግድ የለም። በወረቀት ጻፊለት፦ የገባሽበት ሰዓት፣ የምትሄጂበት አቅጣጫ፣ ቢበዛ የምትወጪበት ሰዓት፣ ደዋዩ የሚደውልበት ሰዓት። 40 ደቂቃ ካቀድሽ ከገባሽ 60ኛው ደቂቃ ላይ ካልታየሽ ይደውል፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው 996፣ ፖሊስ 999 ነው። ሰዓቱንም "በሦስት ሰዓት ገብቼ" ብለሽ በቃል አትንገሪው። አንዱ በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያስብ ስድስት ሰዓት ይለያያል። ስልኩ ላይ እንደሚታየው ጻፊው፦ ገባሁ 9፡00፣ እወጣለሁ 9፡40፣ 10፡00 ላይ ካላየኸኝ ደውል።